ትምህርት ቤት የሚገቡ ልጆቻችንና የክትባት ካርዳቸው

(ከትምህርት መክፈቻ አስቀድሞ ለየቲም አሳዳጊዎች፣ ለመምህራንና ለማኅበሩ ደጋፊዎች የተደረገ ንግግር ሙሉ ቃል። በንግግሩ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



የክረምቱ ዝናብ ሊያባራ፣ የትምህርት ቤቶችም ደወል ሊደወል የቀሩት ሳምንታት ጥቂት ናቸው። በዚህ ወቅት ማኅበራችን እንደ ልማዱ ለልጆቹ ደብተርና እስክሪብቶ፣ ቦርሳና የደንብ ልብስ ያሰናዳል፤ አሳዳጊዎችም ልጆቹን ይዘው ለምዝገባ ይመላለሳሉ። ይህ ሁሉ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን በዝግጅቱ መካከል ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ወረቀት አለ፤ እርሱም የልጁ የክትባት ካርድ ነው። ስሙንና ዕድሜውን እንጠይቃለን፤ የአባቱን የሞት ማስረጃ በፋይሉ ውስጥ እናስቀምጣለን፤ የጫማውን ቁጥር እንለካለን። «ይህ ልጅ የኩፍኝን ክትባት ሁለት ጊዜ ወስዷልን?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የዛሬው ንግግሬ ዓላማ ይህ ጥያቄ በዘንድሮው ምዝገባ ከጥያቄዎቻችን ሁሉ ፊት እንዲቀመጥ ለማሳሰብ ነው።

ለምን በትምህርት መጀመሪያ?

አንድ ሕፃን ትምህርት እስኪጀምር ድረስ ውሎው በቤቱና በጎረቤቱ የተወሰነ ነው። አፀደ ሕፃናት ወይም አንደኛ ክፍል በገባበት ቀን ግን ከማያውቃቸው በርካታ ልጆች ጋር በአንድ ጠባብ ክፍል ይቀመጣል፤ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ይተሻሻል፤ የሌላውን ትንፋሽ ይተነፍሳል። ከየቤቱ የመጣው በሽታ የሚገናኘው፣ ወደየቤቱም የሚመለሰው በዚህ ክፍል ነው። ትምህርት ቤት የገባው ልጅ ማታ ሲመለስ ክትባቱን ለመውሰድ ዕድሜው ያልደረሰ ታናሽ በእቅፍ ይጠብቀዋል።

ከልጆች በሽታዎች ሁሉ በዚህ መንገድ በመዛመት ኩፍኝን የሚተካከለው ጥቂት ነው። ኩፍኝ የያዘው ልጅ ሲያስልና ሲያስነጥስ የሚወጣው ቫይረስ፣ ልጁ ክፍሉን ለቅቆ ከወጣ በኋላ እንኳ እስከ 2 ሰዓት ድረስ በአየር ውስጥ ይቆያል። ልጁ በሽታውን ማስተላለፍ የሚጀምረው ሽፍታው ከመታየቱ 4 ቀን ቀደም ብሎ ነው፤ ስለዚህ መምህሩ አይቶ ወደ ቤቱ ሳይመልሰው ለጓደኞቹ አድሎ ይጨርሳል። መከላከያ ከሌላቸውና አጠገቡ ከዋሉት 10 ልጆች 9ኙ ይያዛሉ። ማንም መከላከያ በሌለው ሕዝብ መካከል አንድ በሽተኛ ከ12 እስከ 18 ለሚደርሱ ሰዎች እንደሚያስተላልፍ የዘርፉ ሊቃውንት ያስረዳሉ።

በብዙ ቤቶች «ኩፍኝ የልጅነት ወግ ነው፤ ወጥቶለት ያልፋል» የሚል አነጋገር አለ። ለብዙዎች ያልፍ ይሆናል፤ ለሌሎች ግን አያልፍም። ኩፍኝ የሳንባ ምችንና ብርቱ ተቅማጥን ያስከትላል፤ ጆሮን ያደነቁራል፤ በተለይ የቫይታሚን ኤ እጥረት ያለበትን ልጅ ዓይን ያጠፋል፤ አልፎ አልፎም አንጎልን ያቃጥላል። ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለም፤ ሐኪም የሚያደርገው ቫይታሚን ኤ መስጠት፣ ተከትለው የሚመጡትን ሕመሞች ማከምና ልጁን መደገፍ ነው። በምግብ እጥረት የተጎዳ ልጅ ደግሞ ከሌላው ይልቅ ለሞት የቀረበ ነው። በመካከላችን ያሉት የቲሞች አብዛኞቹ ከየትኛው ወገን እንደሆኑ ለእናንተ አልነግራችሁም።

በ2019 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ደግሞ ሌላ ነገር አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ ያልተከተቡ የኔዘርላንድ ልጆችን ደም ኩፍኝ ከመያዛቸው በፊትና ከያዛቸው በኋላ መርምረው፣ በሽታው ልጆቹ ቀድሞ በሌሎች ሕመሞች ላይ ያካበቱትን መከላከያ ከ11 እስከ 73 በመቶ እንዳጠፋባቸው አገኙ። ይህም ማለት ልጁ ከኩፍኝ ቢድን እንኳ ሰውነቱ ቀድሞ ያሸነፋቸውን በሽታዎች ይረሳል፤ ለወራትና ለዓመታትም ለሌሎች ሕመሞች የተጋለጠ ሆኖ ይቆያል ማለት ነው። «ኩፍኙ አልፏል» የተባለለት ልጅ በዚያው ዓመት በሳንባ ምች ሲሞት ሞቱ በኩፍኝ ላይ አይቆጠርም።

የመቶኛው ስሌት

አሁን አንድ ቀላል ስሌት እንሥራ። አንደኛ ክፍል የገቡ 100 ልጆችን እናስብ። ከእነርሱ 60ዎቹ በ9 ወራቸው የሚሰጠውን የኩፍኝ ክትባት አንድ ጊዜ ወስደዋል እንበል። በዚያ ዕድሜ የተሰጠ አንድ ክትባት ከተከተቡት 100 ልጆች 85 ያህሉን ይከላከላል። ስለዚህ ከ60ዎቹ መከላከያ ያገኙት 51 ናቸው፤ 49ኙ ልጆች፣ ማለትም የክፍሉ እኩሌታ፣ ለበሽታው ክፍት ናቸው። በአንጻሩ ከ100ው ልጆች 95ቱ ሁለቱን ክትባት ቢወስዱ፣ ሁለት ጊዜ የተከተበው ልጅ የመከላከል ዕድሉ ወደ 97 በመቶ ስለሚደርስ፣ 92ቱ ይጠበቃሉ። የቀሩት 8 ልጆች በተጠበቁት መካከል ተበታትነው ስለሚቀመጡ በሽታው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሸጋገርበት ድልድይ ያጣል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህ ነው። ክትባት የማይስማማው ብርቱ ሕመም ያለበት ልጅና ዕድሜው ያልደረሰው ጨቅላ የሚጠበቁት በዙሪያቸው ባሉት ልጆች መከተብ ነው። የጤና ባለሙያዎች ስለ ኩፍኝ ሲናገሩ «95 በመቶ» የሚሉትም ከዚህ ስሌት ተነሥተው ነው።

ታዲያ እኛ የት ነን? በአገራችን የተስፋፋው የክትባት መርሐ ግብር የተጀመረው በ1980 ነው። ሕፃኑ ሲወለድ የሳንባ ነቀርሳና የፖሊዮ፤ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ዘጊ አናዳን፣ ትክትክን፣ መንጋጋ ቆልፍንና ሌሎች ሁለት በሽታዎችን በአንድነት የሚከላከለው ክትባት ከሌሎች ጋር፤ በ9 ወር የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት፤ በ15 ወር ሁለተኛው ይሰጣል። ይህ ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት በመደበኛው መርሐ ግብር ውስጥ የገባው በ2019 ነው። ክትባቱ በመንግሥት ጤና ኬላዎችና ጤና ጣቢያዎች የሚሰጠው ያለ ክፍያ ነው።

በ2000 የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 23 ወር ከሆኑት ሕፃናት መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ የጨረሱት ከ100ው 14ቱ ብቻ ነበሩ። በ2016 ቁጥሩ ወደ 39 ከፍ አለ። በ2019 በተደረገው ጥናት ደግሞ ከ40 በጥቂት በለጠ፤ የመጀመሪያውን የኩፍኝ ክትባት የወሰዱት ወደ 60 የሚጠጉ ነበሩ። ይህ የብዙ ጤና ሠራተኞች፣ በተለይም ቤት ለቤት የሚዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የድካም ፍሬ ነውና እናመስግን። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። በ2019 ጥናት ጊዜ የአንድ ዓመት ሕፃናት የነበሩት ዛሬ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተቀመጡ ተማሪዎች ናቸው። ከላይ በስሌታችን «60 ልጆች» ያልነው ከምናብ የመጣ ቁጥር አልነበረም። ከእነርሱ በኋላ የተወለዱት ደግሞ በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ፣ ከ2020 እስከ 2022 በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የነበረው ጦርነት ያናጋውን የጤና አገልግሎት ያገኙ ናቸው።

አማካይ ቁጥርም ብዙ ይሸሽጋል። በ2016ቱ ጥናት በአዲስ አበባ መሠረታዊ ክትባቶችን የጨረሱት 89 በመቶ ሲሆኑ በአፋር 15 በመቶ ብቻ ነበሩ። በአንድ ከተማ ውስጥም በሰፈርና በሰፈር፣ በቤትና በቤት መካከል ልዩነት አለ። በሽታው የሚፈልገው አማካዩን ሳይሆን ያልተከተቡት የተሰበሰቡበትን ቤት ነው።

ከሌሎች አገሮች የምንማረው

የተማሪን ክትባት በትምህርት ቤት በር ላይ መጠየቅ አዲስ ነገር አይደለም። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ግዛት ለፈንጣጣ ያልተከተበ ልጅ ትምህርት ቤት እንዳይገባ በሕግ የደነገገችው በ1855 ነበር። ዛሬ በዚያች አገር አፀደ ሕፃናት የሚገቡ ልጆች ክትባት በየዓመቱ ይቆጠራል። በ2019–20 የትምህርት ዘመን ሁለቱን የኩፍኝ ክትባት የወሰዱት 95.2 በመቶ ነበሩ፤ በ2024–25 ወደ 92.5 በመቶ ወረዱ። ቅናሹ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ኩፍኝ ከአገሯ መጥፋቱን በ2000 ያወጀችው ያች ባለጸጋ አገር በ2025 ከ2,000 በላይ ሕሙማንን ቆጥራ 3 ሰዎችን በኩፍኝ አጣች። በቴክሳስ የሞቱት ሁለቱ ለትምህርት የደረሱ፣ ያልተከተቡ ልጆች ነበሩ። ወረርሽኙ በተነሣበት በጌይንስ አውራጃ አፀደ ሕፃናት ከገቡት ልጆች የተከተቡት 82 በመቶ ያህል ነበሩ።

ከዚያው አገር ለእኛ ይበልጥ የሚቀርብ ምሳሌ ልጥቀስ። በሚኒሶታ ግዛት ከአፍሪካ ቀንድ የተሰደዱ ብዙ የሶማሌ ወንድሞችና እህቶች ይኖራሉ። ከእነርሱ በ2004 ከተወለዱት ልጆች 92 በመቶው የኩፍኝ ክትባት ወስደው ነበር። በ2014 ከተወለዱት ግን የወሰዱት 42 በመቶ ብቻ ሆኑ። ምክንያቱ ክትባቱ ልጆችን ለኦቲዝም ይዳርጋል የሚል ወሬ ነው። ወሬው የተነሣው አንድሩ ዌክፊልድ የተባለ እንግሊዛዊ በ1998 በ12 ልጆች ላይ ተመሥርቶ ካሳተመው ጽሑፍ ሲሆን፣ ያሳተመው መጽሔት በ2010 ጽሑፉን ሰርዞታል፤ ጸሐፊውም በዚያው ዓመት የሕክምና ፈቃዱን ተነጥቋል። በ2019 በዴንማርክ 657,461 ልጆችን የተከታተለ ጥናት በክትባቱና በኦቲዝም መካከል ምንም ዝምድና እንደሌለ አረጋግጧል። ይሁን እንጂ ወሬው ቀድሞ ደርሷልና በ2017 በሚኒሶታ 75 ሰዎች በኩፍኝ ታመሙ፤ አብዛኞቹም የሶማሌ ልጆች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ኢማሞችና የማኅበረሰቡ ተወላጅ የሆኑ የጤና ሠራተኞች የወላጆችን አመኔታ ለመመለስ ብዙ ደክመዋል።

የቲሙ ልጅና የጠፋው ካርድ

አሁን ወደ እኛው ጉዳይ እንመለስ። እናትና አባት ያሉት ልጅ ክትባት ቢያልፈው እናቱ ታስታውሳለች፤ ካርዱን ከሣጥን አውጥታ ታሳያለች። የቲሙስ? የካርዱ ጠባቂ ብዙውን ጊዜ እናት ናት። እናት ስትሞት፣ ወይም አባት ሞቶ ቤት ሲፈርስና ልጁ ከገጠር ወደ ከተማ፣ ከአያት ወደ አክስት፣ ከአክስት ወደ አጎት ሲዛወር፣ ልብሱ በፌስታል ይመጣል፤ ካርዱ ግን በዚያው ይቀራል። የተቀበለው ቤተሰብ ልጁን በፍቅር ያሳድጋል፤ ነገር ግን በስንት ወሩ ምን እንደተከተበ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ቀኑ ያለፈበትን ክትባት የሚጠይቅለት ሰው ባለመኖሩ የቲሙ ከሌላው ልጅ ይልቅ ለበሽታው ክፍት ሆኖ ወደ ክፍል ይገባል።

«ይህ ልጅ ተከትቧል?» ተብለው የተጠየቁ አሳዳጊዎች ከሚሰጡት መልስ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። አንዷ አያት የልጁን እጅጌ ሰብስበው ክንዱ ላይ ያለውን ጠባሳ አሳዩኝ፤ «ይኸውና ልጄ፣ ተከትቧል» አሉኝ። ይህ ጠባሳ ሲወለድ የሚሰጠው የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ምልክት ነው፤ ስለ ኩፍኝ የሚናገረው ነገር የለም። ሌሎች ደግሞ «በዘመቻ ጊዜ በአፉ ጠብታ ተሰጥቶታል፤ ጣቱንም ቀለም ቀብተውታል» ይላሉ። ይህም የፖሊዮ ነው። ሁለቱም ጠቃሚ ክትባቶች ናቸው፤ ነገር ግን የኩፍኝን፣ የትክትክንና የዘጊ አናዳን ቦታ አይተኩም።

ከዚህ ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ምክንያት አለ። የኩፍኝ ክትባት በአብዛኛው የሚመጣው ለ10 ልጆች በሚበቃ ብልቃጥ ነው። ዱቄቱ በውኃው ከተበጠበጠ በኋላ ከ6 ሰዓት በላይ ስለማይቆይ የተረፈው ይደፋል። ስለዚህ የጤና ሠራተኛዋ ለአንድ ልጅ ብልቃጥ ለመክፈት ትሣቀቃለች፤ «በክትባት ቀን ተመለሱ» ትላለች። በቀን ሥራ የምትተዳደር አክስት ሁለተኛ ቀን ሥራ አቋርጣ ለመመለስ ይቸግራታል። በዚህ ዓይነት ልጁ ጤና ኬላ ደርሶ ሳይከተብ ይመለሳል። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ልጁ ግን አመለጠ። የዚህ ችግር መፍትሔ በእጃችን ነው፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ስለሚነሡት ጥርጣሬዎች

አንዳንድ ወንድሞች «ሕይወትም ሞትም በአላህ እጅ ነው፤ ክትባት ምን ያደርጋል?» ይላሉ። ሕይወትም ሞትም በአላህ (ሱ.ወ.) እጅ መሆኑን የሚጠራጠር ከመካከላችን የለም። ተወኩል ግን ሰበቡን አድርሶ ውጤቱን ለአላህ መተው ነው፤ ግመሉን ሳያስሩ መሄድ አይደለም። ለሐጅ የሚነሣ ሰው የማጅራት ገትር ክትባት መውሰዱን ሳያሳይ ሳዑዲ ዓረቢያ እንደማትቀበለው ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ይህ ግዴታ የመጣው በ1987 በሐጅ ወቅት ወረርሽኙ ሑጃጆችን ከመታ በኋላ ነው። ሑጃጁ የክትባት ወረቀቱን ከፓስፖርቱ ጋር ሲይዝ ተወኩሉን አልጣለም። ለአላህ ቤት እንግዳ የተጠየቀው ወረቀት ለየቲሙ ቢጠየቅ ምን ያስገርማል?

ሌሎች «ክትባቱ ሐራም ነገር ይኖርበት ይሆን?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው የሚያስነቅፍ አይደለም፤ መልሱንም ዑለማእ መርምረውታል። በ2018 የኢንዶኔዥያ ዑለማእ ምክር ቤት በዚያች አገር የሚሰጠውን የኩፍኝ ክትባት መርምሮ፣ በአሠራሩ ከአሳማ የተገኘ ነገር ጥቅም ላይ እንደዋለ ገልጾ፣ ሌላ አማራጭ እስኪገኝ ድረስ በዶሩራ፣ ማለትም በግድ አስፈላጊነት ምክንያት፣ መጠቀም የተፈቀደ መሆኑን ፈትዋ ሰጥቷል። ጥያቄውን በጥብቅ መርምረው እንኳ የደረሱበት መልስ «ተከተቡ» የሚል ነው። ከ2013 ወዲህም አል አዝሃር፣ ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚና ሌሎች ተቋማት የተሳተፉበት የሙስሊም ሊቃውንት አማካሪ ቡድን የሕፃናትን ክትባት በግልጽ ሲደግፍ ቆይቷል።

ክትባት ለሙስሊሙ ዓለም ባዕድ ነው የሚልም ይኖራል። ታሪኩ ግን ይህን አይልም። ፈንጣጣን በመክተብ መከላከል በኦስማን ቱርኮች ዘመን በኢስታንቡል የታወቀ ነበር፤ ወደ እንግሊዝ ያስገባችው በዚያ ያየችው የእንግሊዝ አምባሳደር ሚስት፣ ሜሪ ወርትሊ ሞንታጉ፣ በ1721 ነው። ፈንጣጣ ከምድር ገጽ የጠፋውም በእኛው አካባቢ ነው፤ በኢትዮጵያ የመጨረሻው ሕመምተኛ የተገኘው በ1976፣ በሶማሊያ ደግሞ በ1977 ነበር። ያ በሶማሊያ የማርካ ከተማ የተገኘው ዓሊ ማው ማሊን የሆስፒታል ወጥ ቤት ሠራተኛ ሲሆን፣ ክትባቱ ያምማል ብሎ ፈርቶ ሳይከተብ ቀርቶ ነበር። ከበሽታው ድኖ በኋለኛ ዘመኑ በፖሊዮ ዘመቻ እየተዘዋወረ ወላጆችን «እኔ በፈንጣጣ የተያዝሁ የመጨረሻው ሰው ነኝ፤ ልጆቻችሁን አስከትቡ» እያለ ሲያስተምር ኖሮ በ2013 በሥራው ላይ ሳለ ዐረፈ። አላህ ይዘንለት።

ምን እናድርግ?

የተከበራችሁ አድማጮች፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ከትምህርት መክፈቻ በፊት ልንፈጽመው የምንችለውን ላቅርብ።

አንደኛ፣ በማኅበራችን የልጆች ፋይል ውስጥ ከልደት ማስረጃውና ከትምህርት ውጤቱ ጎን የክትባት ካርድ ቅጂ ይግባ። ካርድ ያለው ልጅ ካርዱ ይነበብ፤ ሁለቱ የኩፍኝ ክትባቶች መመዝገባቸው ይረጋገጥ። ልጁ ከቤት ወደ ቤት ቢዛወር እንኳ ቅጂው ከእኛ ዘንድ አይጠፋም። ዋናውን ወረቀት የያዘ አሳዳጊ እንደ አማና ይጠብቀው።

ሁለተኛ፣ ካርድ የሌለው ልጅ ቀድሞ ይኖርበት በነበረው ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ መዝገብ ይፈለግለት። በገጠር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የየቤተሰቡን ማኅደር ይይዛሉ፤ ዘመድ ስልክ ደውሎ ሊያስጠይቅ ይችላል። ካልተገኘ ግን ፍለጋው ሰበብ ሆኖ አያዘግየን። ማስረጃ የሌለው ልጅ እንዳልተከተበ ይቆጠራል። ቀድሞ ተከትቦ የነበረ ልጅ የኩፍኝን ክትባት ቢደግም ጉዳት የለውም፤ ያልተከተበ ልጅ ቢታለፍ ግን ጉዳቱ ይህ ነው የሚባል አይደለም። ዕድሜው 5 ወይም 7 ዓመት መሆኑ ለኩፍኝ ክትባት «አልፎበታል» አያሰኝም። ከሌሎቹ ክትባቶች በዕድሜው የትኞቹ እንደሚሰጡት የሚወስነው የጤና ባለሙያው ነው። ቀላል ጉንፋን ወይም ሳል ክትባቱን አያስከለክልም፤ በብርቱ ሕመም ሕክምና ላይ ያለ ልጅ ካለ ግን አሳዳጊው ለባለሙያው አስቀድሞ ይንገር፤ ምስጢሩም ይጠበቅ።

ሦስተኛ፣ የብልቃጡን ችግር በጋራ እንፍታው። ለየብቻ ከመሄድ ይልቅ ክትባት የጎደላቸውን ልጆች በየሰፈሩ አሥር አሥር አድርገን እንሰብስብ፤ ከጤና ጣቢያው ጋር ቀን እንቁረጥ፤ ከበጎ ፈቃደኞቻችን ሁለቱ ይዘዋቸው ይሂዱ። አሥር ልጆች ማለት አንድ ብልቃጥ ማለት ነው። ብልቃጡም አይደፋም፤ አክስቲቱም ከሥራዋ አትቀርም። ሁለተኛውን ክትባት የሚወስዱበት ቀን፣ ከመጀመሪያው ቢያንስ ከ4 ሳምንት በኋላ፣ በዚያው ዕለት ተመዝግቦ ይያዝ።

አራተኛ፣ ለመምህራንና ለርዕሳነ መምህራን አንድ ልመና አለኝ። በምዝገባ ጊዜ ካርዱን ጠይቁ፤ ነገር ግን ካርድ የሌለውን ልጅ ከበር አትመልሱ። ከላይ የጠቀስኋት አሜሪካ ካርድ የሌለውን ልጅ ማገድን እንደ ማስገደጃ ትጠቀምበታለች። በእኛ ዘንድ ካርድ የሌለው ልጅ ብዙውን ጊዜ ድሃው፣ ተፈናቃዩና የቲሙ ነው። እርሱን ብንመልሰው በአንድ ቀን ሁለት መብት፣ ትምህርቱንና ጤናውን፣ ነጠቅነው ማለት ነው። መዝግቡት፤ ስሙን ለብቻ ጻፉ፤ ዝርዝሩን ለጤና ጣቢያው ስጡ። የዓለም ጤና ድርጅትም ትምህርት መጀመሪያ ላይ የሚደረግ ማጣራት ያመለጡ ልጆችን ለማግኘት ውጤታማ መንገድ መሆኑን ይመክራል። የትምህርት ቤቱ በር ያመለጠው ልጅ የሚገኝበት ቦታ ይሁን፤ የሚጣልበት አይሁን።

አምስተኛ፣ ለደጋፊዎቻችን። እስከ ዛሬ ከስጦታችሁ ጋር የልጁን ፎቶግራፍና የትምህርት ውጤት ስትጠይቁ ቆይታችኋል። ከአሁን በኋላ «ክትባቱን ጨርሷል ወይ?» ብላችሁም ጠይቁን። እናንተ የምትጠይቁትን እኛ አንዘነጋም። ክትባቱ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የመጓጓዣ ዋጋና የሚከታተል ሰው ነው።

በአማርኛችን «ከተበ» ማለት ጻፈም፣ ክትባት ሰጠም ማለት ነው። በልጁ ክንድ ላይ የተከተበው በካርዱ ላይም ተጽፎ እንዲገኝ ማድረግ የአሳዳጊ ድርሻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው ከ2000 እስከ 2023 ባሉት ዓመታት የኩፍኝ ክትባት 60 ሚሊዮን ያህል ሞቶችን አስቀርቷል። በዚያው በ2023 ብቻ ደግሞ 107,500 ያህል ሰዎች፣ አብዛኞቹ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ፣ ክትባቱ እያለ በኩፍኝ ሞተዋል። ልጆቻችን ከየትኛው ቁጥር እንደሚገቡ ከአላህ ፈቃድ በታች የሚወስነው በእነዚህ ጥቂት ሳምንታት የምናደርገው ክትትል ነው። ዛሬ ከዚህ ስትወጡ በር ላይ ያሉት የማኅበሩ ሠራተኞች የልጁን ስምና የካርዱን ሁኔታ ይጠይቋችኋል። ካርዱ ካላችሁ ንገሯቸው፤ ከሌላችሁም ሳታፍሩ ንገሯቸው።

አላህ ለየቲሞቻችን ጤናና ዕውቀትን ይስጥልን፤ ለምታሳድጓቸው እናንተም ምንዳችሁን ያብዛላችሁ።